እቴ ሐዋ መቀነቷን ያነጠፈች ዕለት

የእቴ ሐዋን ሞት የነገረችኝ ልጄ ሰናይት ናት። ከቆቦ ደውላ «እማ፣ ቁጭ በይ» አለችኝ። ቁጭ ብዬ ምስር እየለቀምኩ ነበር። ቁጭ በይ ከተባለ ምን እንደሚከተል የማያውቅ የለም። «ሐዋ ናት?» አልኳት። ልጄ ስታለቅስ ሰማሁ።

ምስሩን ወደ ጎን አድርጌ አማተብኩ። ለሙስሊም ሴት ይማተብ እንደሆነ አላውቅም። እሷ ግን ስትታመም አጠገቧ ሆኜ ሳማትብ «አማትቢልኝ፣ አይከብደኝም» ትለኝ ነበር። ሞታም የሚከብዳት አልመሰለኝም።

ስለ እሷ የማውቀውን ልጽፍ ነው። ብዙ መናገር አልችልበትም። ከሁለታችን ተናጋሪዋ እሷ ነበረች።

መንደራችን ከጎብዬ ወደ ቆቦ ሲሄዱ ከአስፋልቱ በስተምሥራቅ ገባ ብሎ ነው። እኔ በትዳር ስመጣ እቴ ሐዋ የአጥር ጎረቤቴ ሆና አገኘኋት። በዕድሜ ትበልጠኛለች። ባሏ የሞተው የመጨረሻ ልጇን ሰይድን በሆዷ ይዛ ሳለች ነው። ከሰይድ በፊት የወለደቻቸው አልቆዩላትም። ረጅም ናት፣ ቀጭን ናት፣ ስትራመድ ወደፊት ታዘነብላለች። ነገር ሲያሳስባት መቀነቷን ትፈታና መልሳ ታጠብቀዋለች። አንድ ነገር ልትናገር እንደሆነ በዚያ እናውቅ ነበር።

ሰናይትን የወለድኩ ሰሞን ጡቴ ቆሰለ፤ ትኩሳት ጣለኝ። ልጅቱ አለቀሰች፣ አለቀሰች፣ በኋላም ማልቀስ ተወች። ማልቀስ ስትተው ነው የፈራነው። እቴ ሐዋ ማንም ሳይጠራት ገባች። ሰይድን በአንድ ክንዷ ይዛዋለች።

«ስጭኝ» አለች።

አማቴ አልጋው ጫፍ ላይ ነበረች። «ገና ክርስትና አልተነሣችም እኮ» አለች።

«እንግዲያው እስክትነሣ ትጥባ። ከተነሣች በኋላ ቄሱ ይከልክሏት።»

አማቴ ሳቋ አመለጣት። ልጅቱን ሰጠቻት። እቴ ሐዋ አንዱን በዚህ፣ አንዷን በዚያ ይዛ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። ሰናይት ክርስትና ከተነሣችም በኋላ ጠባች። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው «ያጠባች እናት ናት፤ ልጅሽ ሁለት እናት አላት በይ» አሉኝ። እኔ እንዲሁ ስል ኖርኩ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ በሕይወት አለች። ዛሬ ቆቦ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ይህ ሁሉ የሆነው ከእቴ ሐዋ ጡት ነው።

መሬት በተደለደለበት ዓመት ለሴቶችም በስማቸው ይሰጥ ተባለ። እቴ ሐዋ ከመንደሩ በታች፣ ከጎርፉ ቦይ አጠገብ ጥቁር አፈር ያለው ማሳ ደረሳት። ከዚያ በፊት የራሷ የሆነ መሬት ኖሯት አያውቅም። በአባቷ ቤት የወንድሞቿ ነበር፤ በባሏ ቤት የባሏ ወንድሞች ነበር። አያ ሲራጅ የሚባል ጎረቤት አለን፤ አፉ ክፉ ነው፣ ሆዱ ግን አይደለም። በሰው ፊት «ሴት መሬት ይዛ ማን ሊያርስላት ነው?» አለ።

«አንተ ነሃ» አለችው።

ወንዶቹ ሳቁበት። በክረምቱ እውነትም እሱ በእኩል፣ ምርቱን ሊካፈሉ፣ አረሰላት። እሷ በሬዎቹ ከሚዞሩበት ጠርዝ ላይ ቆማ ትከተለዋለች። «አያ ሲራጅ፣ ጠርዙን አትዝለልብኝ፣ እሱም የኔ ነው።» እሱም «አንች ሴትዮ፣ ከዚህ በኋላ ድንበርሽን በሰማይ በኩልም አስለኪ» ይላታል። ብዙ ዓመት እንዲህ ሲነታረኩ አረሱ።

ቆላ ነን። ዝናቡ ብቻውን ለእኛ አይበቃም። እህላችንን የሚያደርሰው ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ ነው። በአፈርና በእሾህ ጠልፈን፣ በቦይ እየመራን፣ በተራ ወደየማሳችን እናስገባዋለን። በተራ ነው የሚባለው። የመበለት ተራ ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል። የእቴ ሐዋን ሊዘሉ የሞከሩ ነበሩ። አንድ ቀን ውሃዋን ወደ ሌላ ሲያዞሩባት ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ቦዩ ውስጥ ገብታ ቆመች። ጎርፉ እስከ ጉልበቷ ነው፣ ድንጋይ እያንከባለለ። «ወይ ውሃዬን መልሱ፣ ወይ እኔንም አብራችሁ ወደ ማሳችሁ ምሩኝ» አለች። መለሱላት።

ዝናብ ሲዘገይ የመንደሩ ሴቶች ለዱአ ይቀመጣሉ። እንደ ደንቡ የሚመሩት ዱበርቲ የምንላቸው በዕድሜ የገፉ እናቶች ናቸው። እሷ ገና ሳታረጅ ከፊት አስቀመጧት፤ ልመናዋ የሚሰማ ነው ብለው። እኛ ክርስቲያኖቹም ከዳር እንቀመጣለን። እነሱ አሚን ሲሉ እኛ አሜን እንላለን። «ሁለቱም እዚያው ነው የሚደርሰው» ትል ነበር። ስትለምን ከእኔ ከብርቄ ጀምራ የያንዳንዱን ሰው ስም ትጠራለች። «ያ አላህ፣ የብርቄን ማሽላ አትርሳ። የሲራጅንም አትርሳ፤ አፉን አትይበት።» በዱአ መሃል ሳቅ የሚያመልጠን በእሷ ነው።

ስለ መቀነት መናገር አለብኝ፤ ሌላ አገር ያለ ሰው ላያውቀው ይችላል። በእኛ ዘንድ ሁለት ወገን ሲጣላ አንዲት እናት መቀነቷን ፈትታ በመካከላቸው መሬት ላይ ብታነጥፍ፣ ያንን ተራምዶ የሚያልፍ የለም። ሽማግሌ እስኪቀመጥ፣ ነገሩ እስኪታይ፣ እሷም አንሽው እስክትባል ድረስ ሁለቱም ወገን ባለበት ይቆማል። ከተራመደው ደም ይከተለዋል ይባላል። አንድ ጊዜ የአያ ሲራጅ ልጆች ከሌላ ቤት ልጆች ጋር በውሃ ተጣልተው ዱላ ሲማዘዙ እቴ ሐዋ መቀነቷን መንገዱ ላይ ዘረጋችው። ቆሙ። ሽማግሎቹ እስኪቀመጡ ድረስ መንገዱ ተዘጋ። ፍየል እንኳ በሌላ በኩል ዞሮ ነበር የሚነዳው። ይህን ዓይኔ አይቷል፤ ሁላችንም አይተናል። ስለዚህ አመንነው።

ሰይድ ሲጎረምስ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ሳውዲ ሄደ። እንደደረሰ ደወለ፤ ከዚያ አልፎ አልፎ ነው። እቴ ሐዋ ከመሬቷ ጋር ቀረች።

ከጥቂት ዓመት በኋላ አንድ ጠዋት የመንደሩ ማሳ መሃል ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ተተክሎ አገኘን። በአያ ሲራጅ ማሳ ጀምሮ፣ የእቴ ሐዋን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ፣ ቦያችንን አቋርጦ ይሄዳል። የባቡር መንገድ ነው ተባለ። ቁርቁራው ዛፍ ሥር ስብሰባ ተጠራን። ከፕሮጀክቱ የመጣው ሰው ወጣት ነው፣ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ። ክፉ ሰው አልነበረም። ሲናገር ላብ ያጠምቀው ነበር።

ስለ ልማቱ ተናገረ፤ ስለ ካሣው ተናገረ። ወንዶቹ ባቡሩን አልጠሉም። የጠየቁት አንድ ነገር ነው። ከማሳዎቹ ወዲያ ድንጋያማ መሬት አለ፣ ምንም አይበቅልበትም። ትንሽ ወደዚያ ገፋ አድርጉልን አሉ።

«መስመሩ ከላይ የመጣ ነው» አለ ሰውዬው። «እኛ አንቀይረውም።»

እቴ ሐዋ መቀነቷን ፈትታ አጠበቀች። «ልጄ፣ ለእኛ ከላይ የሚመጣው ዝናብ ብቻ ነበር» አለችው።

ሰው ሳቀ። እሱም ፈገግ አለ። «እናቴ፣ ካሣ ይከፈልዎታል እኮ።»

«ብር ይበላል። መሬት ያበላል።»

«ባቡሩ ሲመጣ ልጅዎ እዚሁ ሥራ ያገኛል።»

«ልጄ ሳውዲ ነው። ባቡርህ ሳውዲ ይደርሳል?»

ሳቁ በረታ። ሰውዬው ግን ከዚያ በኋላ እሷን አላያትም፤ ለሌሎቹ ነበር የሚናገረው። ወደ ቤት ስንመለስ አያ ሲራጅ «ዛሬ አፉን አስያዝሽው» አላት። እሷ አልሳቀችም። «አፉን መያዝ ምን ያደርግልኛል? እግሩን ነው መያዝ የነበረብኝ» አለች።

በዚያ ዓመት ብዙ ተመላለስን። ሽማግሌዎች ወደ ቆቦ ሄዱ፣ መጡ። እኛ ሴቶቹም አንድ ጊዜ ሄደን ከቢሮው በር ላይ ውለን ተመለስን። «ነገ» ተባልን፤ ነገም «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልን። ጎረምሶች ተናድደው ችካሉን ነቀሉ። በማግስቱ ታሰሩ። እናቶቻቸው ስንቅ ይዘው ቆቦ ሲመላለሱ ከረሙ። ልጆቹ ሲፈቱ እቴ ሐዋ ሰበሰበቻቸው። «ከእንግዲህ ችካል የሚነካ ከኔ ጋር ነው ጠቡ። እኛ ጥፋተኛ ሆነን መታየት የለብንም። ይህ ነገር በደንብ ይያዛል» አለች። በደንብ ማለቷ በአባቶች ደንብ ማለቷ ነው።

ማሽላው እንደዚያ ክረምት አምሮ አያውቅም። ጎርፉም በጊዜው መጣ፣ ዝናቡም አልከዳንም። እኔ ማታ ማታ ተመስገን እያልኩ እተኛለሁ። የእቴ ሐዋ ማሽላ ከሰው ቁመት አልፎ ራሱን ደፍቷል። ሊታጨድ ጥቂት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

ማሽኑ የመጣው በዚያን ጊዜ ነው። ትልቅ ቢጫ ዶዘር። ከአስፋልቱ ወርዶ በአያ ሲራጅ ማሳ ጫፍ ላይ ሲደርስ መንደሩ በሙሉ ወጣ። ባሌ አያሌውም ከወንዶቹ ጋር ዱላውን ይዞ ወጣ። ፈራሁ። ከዶዘሩ ጋር ሁለት የታጠቁ ጠባቂዎች አሉ። ድንጋይ የጨበጡ ልጆች አየሁ። በልቤ እመቤቴን ጠራሁ።

እቴ ሐዋ በመሃላችን አልፋ ወጣች። ማሳዋ ጫፍ ላይ ስትደርስ መቀነቷን ፈታች። ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘረጋችው፤ ጥቁር አፈር ላይ ነጭ ሆኖ ታየ። ከኋላው ቆመች። እንደዚያ ዝም ስትል ያየኋት የዚያን ዕለት ነው።

ዶዘሩ እየጮኸ መጣ። ከመቀነቱ ጥቂት ራቅ ብሎ ቆመ። ሹፌሩ በመስኮት አየ። ሞተሩን አጠፋው። ወረደ። ገና ልጅ ነው፤ አነጋገሩ የጎጃም ነው። ኮፍያውን አወለቀ።

«እናቴ፣ ያንሡልኝ» አላት። «እኔ አልረግጠውም።»

«ሽማግሌ ሳይቀመጥ አላነሣውም።»

«ሥራዬ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ ልጄ። አንተን አይደለም።»

ልጁ ወደ ጠባቂዎቹ ዞረ። እነሱም መሬት መሬት ያያሉ። አንደኛው «እኔ ምን ላድርግህ» አለው። ልጁ ቁልፉን ነቅሎ ይዞ ወደ አስፋልቱ በእግሩ ሄደ። ዶዘሩ እዚያው ማሳ ጫፍ ቆሞ ቀረ።

ከወንዶቹ አንዱ ዱላውን መሬት ላይ ተደግፎ ሲያለቅስ አየሁ። አያ ሲራጅ «አንች ሴትዮ» ብቻ አለ። ነገሩ አለቀ ብለን ነበር። አለቀ ስል፣ ሽማግሌ እስኪቀመጥ ተይዟል ማለቴ ነው። መቀነት ተነጥፏል፣ ሰውዬው አክብሯል። ከዚህ በኋላ የሚንቀሳቀስ ወገን አይኖርም። በእኛ ዘንድ እንደዚያ ነው።

ስለዚህ ወንዶቹ ሊጠብቁ ተራ ሲያወጡ የከለከለቻቸው ራሷ ናት። «መቀነት ዘበኛ አይቆምለትም። ዘበኛ ካቆማችሁ እኛው አላመንነውም ማለት ነው። ሂዱ፣ ማሽላችሁን ከወፍ ጠብቁ» አለች። ማንም አልተከራከራትም። እኔም ትክክል መስሎኝ ነበር። ዛሬም ቢሆን ተሳስታለች ለማለት አፌ አይደፍርም።

አያ ሲራጅና ሁለት ሽማግሌዎች ተመርጠው ወደ ቆቦ ሄዱ፤ ከእነዚያ ወገንም ሽማግሌ ይምረጡ ለማለት። እዚያ ሰምተዋቸዋል፤ በደህና ተቀብለዋቸዋል። ቀጠሮም ሰጥተዋቸዋል። በቀጠሮው ቀን ማለዳ ሽማግሌዎቹ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ሄዱ። ቀኑ የጎብዬ ገበያ ነበር። መንደሩ ግማሹ ገበያ ወረደ። እኔና እቴ ሐዋም ሄድን። እሷ በአዲስ መቀነት ፈንታ ወገቧን በሻሽ አስራ ነበር። «አዲስ ግዢ እንጂ» ብላት «የኔ መሬት ላይ ነው፤ ሲነሣ እታጠቀዋለሁ» አለችኝ።

ስንመለስ ከአስፋልቱ ላይ ሆነን አቧራ አየን። እኔ የሰው ከብት መስሎኝ ነበር። እሷ አውቃዋለች። የያዘችውን ጨው ጣለችና መሮጥ ጀመረች፤ እኔ ልደርስባት አልቻልኩም።

ማሽላው ወድቋል። ዶዘሩ ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ ሄዶ፣ ተመልሶ፣ አፈሩን ከነማሽላው ገፍቶ ከምሮታል። መቀነቱ የነበረበት ቦታ የት እንደሆነ እንኳ አይለይም። ከጠባቂዎቹ አንዱ፣ ያ «እኔ ምን ላድርግህ» ያለው፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሲያያት ተነሣ።

«ያ ልጅ ነው የነዳው?» አለችው።

«አይደለም። እሱማ ተባረረ፤ በዚያው ቀን ነው ያባረሩት።»

እቴ ሐዋ ይህን ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እሱንም አስበላሁት» አለች። ከዚያ «አሁን የነዳው ማነው? ፈረንጅ ነው?» ብላ ጠየቀች።

«አይደለም» አለ ጠባቂው። «የዋጃ ሰው ነው።»

«የዋጃ?»

«አዎ እናቴ።»

«መቀነቱን አላየውም?»

«አየው። ወርዶ አጠገቡ ቆሞ አየው። ልጆች አሉኝ አለ። ከዚያ ወጣ።»

ፈረንጅ ቢሆን ኖሮ ይሻላት ነበር። የማያውቅ ሰው ረገጠው ብላ ትጽናና ነበር። ዋጃ ከቆቦ አለፍ ብሎ ነው፤ ከእኛ ምን ያህል ይርቃል? ያ ሰው መቀነት የምትታጠቅ እናት አለችው፤ በመንደሩም ተነጥፎ አይቷል። እቴ ሐዋ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። መሬት ላይ ተቀመጠች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከወደቀው ማሽላ አንድ ራስ አነሣችና በመዳፏ ፈተገችው። ገና እሸት ነበር።

ሽማግሌዎቹ ማምሻውን ከቆቦ ተመለሱ። የቀጠራቸው ሰው ስብሰባ ሄዷል ተብለው ሲጠብቁ ነው የዋሉት። አያ ሲራጅ ማሳውን ሲያይ ጋቢውን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣለላት። ያ ሁሉ አፍ የዚያን ዕለት ተዘጋ።

ጎረምሶቹ በማግስቱ ዶዘሩን እናቃጥል ብለው ነበር። እሷን ሊያማክሩ መጡ። «እኔን አትጠይቁኝ» አለቻቸው። «የማውቀውን አድርጌያለሁ። ሌላ አላውቅም።» አላቃጠሉም። ከዚያ በኋላ የተቃወመ የለም። ሰው ደክሞት አይደለም፤ የሚይዘው አጣ። ደንባችን ካልያዘ ምን ልንይዝ ነው?

አፈሩ ለሐዲዱ መሄጃ እየተከመረ ከቤት ጣራ በላይ ሆነ። ከመንደሩ ሆነን የምሥራቁን ሜዳ ማየት ቀረ። ካሣው ቆቦ ባንክ ገባ። ዓመት ተበላ፣ አለቀ፤ እንዳለችው ሆነ። ከማሳዋ ከክምሩ ወዲያ አንዲት ቁራጭ ተርፋ ነበር፤ ጠባብ፣ ሦስት ማዕዘን። በሚቀጥለው ክረምት አያ ሲራጅ «ያችንም ቢሆን ልረስልሽ» ብሎ በሬዎቹን አዙሮ ወሰደላት። እሷም ክምሩን ወጥታ ወርዳ ተከተለችው። በሬዎቹ አንድ ጊዜ ሄዱ። ጫፍ ሲደርሱ መዞሪያ የለም። አያ ሲራጅ ወደ ኋላ ሊመልሳቸው ሞከረ፤ በሬ ወደ ኋላ አይሄድም። ቀንበሩን ፈትቶ አንድ በአንድ አወጣቸው።

«በዶማ እቆፍርልሻለሁ» አላት።

«ተወው አያ ሲራጅ» አለችው። ያን ጊዜ ነው ድምፅዋ የተለወጠው። ክምሩን ተሻግራ መጣች፤ ከዚያ ወዲህ ተሻግራው አታውቅም።

ደግሞ ያች ቁራጭ በስሟ ስላለች መሬት አልባ አይደለችም ተባለች። ለመሬት አልባዎች የሚሰጥ ምትክ ሲመጣ አላገኘችም። ቀበሌ ድረስ አብሬያት ሄጄ ነበር። «መሬት አለሽ እኮ እናቴ» አሏት። «በሬ አይዞርበትም» አለች። «ቢሆንም አለሽ» አሏት። መቀነቷን ልትፈታ እጇን ወደ ወገቧ ሰደደች። መቀነት የለም። እጇን መለሰችው።

ጎርፉም መንገዱን ለወጠ። ክምሩ ሥር ተሰብስቦ በአንድ በኩል ወጥቶ ሲሄድ የብዙ ሰው ማሳ ይዞ ሄደ፤ ለብዙ ሰው ደግሞ ሳይደርስ ቀረ። የኛ ማሳ ከክምሩ በላይ ስለሆነ ተርፏል። እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ፤ ስል ግን ቀስ ብዬ ነው፣ ሰው እንዳይሰማኝ። ሐዲዱ ሳይነጠፍ ደግሞ ሥራው ቆመ። ማሽኖቹ ሄዱ። ባቡር አልመጣም። ክምሩ ብቻ አለ፤ ከብት ይወጣበታል።

ዝናብ በዘገየበት ዓመት ሴቶቹ እንደ ወትሮው ለዱአ ሊጠሯት ሄዱ። እኔም አብሬ ነበርኩ። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«እናንተ ለምኑ» አለች። «እኔን እንኳን ተዉኝ።»

«ያላንቺማ እንዴት ይሆናል?» አለቻት አንዷ።

«ለማን ማሽላ ብዬ ልለምን? የሰውን ስም እየጠራሁ የራሴ ጋ ስደርስ ምን ልበል?»

ያለ እሷ ተቀመጥን፣ ለመንን። ዘነበ። ዝናቡ ሲጀምር በሯን ስትዘጋ ሰማኋት።

ከዚያ የወንድሟ ልጅ ወደ ቆቦ ወሰደቻት። ከገበያው ጀርባ አንዲት ክፍል ቤት ናት፤ ጣራዋ ቆርቆሮ፣ በሯ ወደ ሰው አጥር የሚያይ። ሰናይት ከሥራ ስትወጣ እየሄደች ደም ግፊቷን ትለካላት ነበር። «ልጄ፣ አጠባሁሽ፣ አንች ደግሞ ትለኪኛለሽ» ትላታለች። ሰናይት ይህን ስትነግረኝ ትስቃለች፣ ከዚያ ፊቷን ታዞራለች። ሰይድ አንዳንዴ ይደውላል። መሬቱ እንዴት ነው ብሎ ሲጠይቃት «ደህና ነው» ትለዋለች። እስክትሞት አልነገረችውም። ቢነግሩት የሚመለስበት ያጣል ብላ ነው።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት ባለፈው ጾም ነው። ከጎብዬ ሚኒባስ ይዤ ሄድኩ። አልጋዋ ላይ ተጋድማ ነበር፤ ያ ሁሉ ቁመት አንድ ጥግ ላይ ታጥፏል። እጇን ሳምኩ። ብዙ ጊዜ ዝም ብለን ቆየን። ዱሮ ዝም የምለው እኔ ነበርኩ።

«እቴ ሐዋ፣ ወደ ቤት እንሂድ» አልኳት።

«ወደ የትኛው?»

«ወደ እኔ ቤት። አያሌውም ብሏል። ክፍል አለ።»

«አንች ቤት እንግዳ ነኝ ብርቄ። እንግዳ ደግሞ መሄጃ ያለው ነው።» ትንሽ አረፈችና «ስሞት እዚሁ ይቅበሩኝ። ወደዚያ አትውሰዱኝ» አለች።

ደነገጥኩ። በእኛ አገር ሰው የትም ቢሞት ወደ መሬቱ ይመለሳል። «ባልሽ ያለው እዚያ ነው» አልኳት። «ልጆችሽም እዚያ ናቸው።»

«አውቃለሁ። መቃብሩ ከክምሩ ወዲያ ነው። ቃሬዛዬን ይዘው ሲወጡበትና ሲወርዱበት ይታየኛል። ክምሩ ከመጣ ወዲህ ልጆቼን በእግሬ ሄጄ አላየኋቸውም፤ በሰው ትከሻ ነው የምሄድ?» ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ቃል ግቢልኝ» አለች።

ቃል ገባሁላት። ምን ላድርግ? ልጄን ያጠባች ሴት ናት።

ሞቷ ሲሰማ መንደሩ ቃሬዛ ይዞ ሊያመጣት ተነሥቶ ነበር። አያ ሲራጅ በዱላ እየተመራ መጣ፤ ዓይኑ ፈዝዟል። እንዳናመጣት ቃል እንዳስገባችኝ ነገርኳቸው። አንዳንዶቹ ተቆጡኝ። አያ ሲራጅ «እሷ ካለች አለች ነው» ብሎ ዝም አሰኛቸው። ቆቦ ተቀበረች፤ ከማታውቃቸው ሰዎች መካከል።

እኔ ጠዋት ጠዋት ለጸሎት ስቆም በስም የምጠራቸው ሰዎች አሉ። ለሰናይት ዕድሜ እለምናለሁ፤ ለአያሌው ጤና፤ ለሰይድ በሰላም መመለስን። ለእቴ ሐዋ ደግሞ ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ነገር ብቻ ስለምን ቆይቻለሁ፤ አምላኬ ሆይ፣ መሬቷን መልስላት እያልኩ። በቀብሯ ማግስት እንደ ልማዴ ቆሜ ስሟ ጋ ደረስኩ። ለሞተ ሰው ዕረፍት ይለመናል እንጂ መሬት አይለመንም። ዕረፍት ልል አፌን ከፈትኩ፤ የመጣልኝ ያው የቆየው ልመና ነው። ጥቂት ቆሜ ጠበቅኩ። ሌላ ቃል አልመጣም። ጸሎቴን ሳልጨርስ ተቀመጥኩ።